የቤተ ሰብ ጤና፦ የየዕለቱ እንክብል

በጎንደር፣ በቀሐ ወንዝ ዳር ባሉት መንደሮችም ሆነ በሌላው አገር፣ በአንዲት እናት ላይ የጡት ነቀርሳ ሲገኝ ቤተ ሰቡ እንደምን እንደሚጨነቅ እናውቃለን። በመጀመሪያ ነገሩ ይደበቃል፤ ወደ ሐኪም የሚደረሰው ብዙ ጊዜ እብጠቱ ከገፋ በኋላ ነው። ቀዶ ጥገናው ተፈጽሞ ቍስሉ ሲሽር ደግሞ፣ «ድኛለሁና ይህን የየዕለት እንክብል ልተወውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዛሬ ታሞክሲፈን ስለሚባለው ስለዚህ እንክብል ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በሴት ሰውነት ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን አለ። በብዙ የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት ውስጥ ይህን ሆርሞን የሚያስተናግድ፣ ሊቃውንት «ተቀባይ» የሚሉት ስፍራ ይገኛል። ሆርሞኑ በዚያ ሲቀመጥ ነቀርሳው ይባዛል። ታሞክሲፈን ግን ቀድሞ ስፍራውን ይይዝበታል፤ ግብር ላይ ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ መቀመጫ አጥቶ እንደሚመለስ፣ ሆርሞኑም እንዲሁ ይመለሳል።

መድኃኒቱ በመጀመሪያ ለነቀርሳ የታሰበ አልነበረም። ዶራ ሪቻርድሰን የተባሉ እንግሊዛዊት የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲያዘጋጁት የተፈለገው የእርግዝና መከላከያ ነበር፤ ለዚያ ግን ሳይሆን ቀረ። ነገር ግን ጆርጅ ቢትሰን የተባሉ የግላስጎው ሐኪም የእንቍላል ዕጢዎች ሲወጡ የጡት ነቀርሳ ሊቀንስ እንደሚችል አስቀድመው በ1896 ጽፈው ነበር። በማንቸስተር ክሪስቲ ሆስፒታልም ሜሪ ኮልና ባልደረቦቻቸው እንክብሉን ደዌው ለጸናባቸው 46 ሴቶች ሰጥተው ፈተኑት፤ 10ሩ እንደተሻላቸውም በ1971 አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ በተደረገው ምርመራ፣ ተቀባይ ያለበት ነቀርሳ ላገኛቸው 5 ዓመት መውሰድ፣ በ15 ዓመት ውስጥ በዚህ ደዌ የመሞትን አደጋ በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ታወቀ።

በአገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከታከሙ ሴቶች የተወሰደው ናሙና ሲመረመር፣ ከመቶው 65 ያህሉ ተቀባይ ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ታላቅ ተስፋ ነው። ለቀሩት ግን እንክብሉ አይረባቸውምና፣ ቤተ ሰብ ናሙናው ስለ ተቀባይ እንዲመረመር ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሳችን፣ «እናቴ ሆይ፣ ሐኪምሽ ሳያዝዝ አትተዪው» የሚል ነው። ቍስል ሲሽር ከዓይን የተሰወሩ ሕዋሳት ሊቀሩ ይችላሉ፤ እንክብሉም የሚጠብቀው እነዚህን ነው። ይሁን እንጂ ያለ ጣጣ አይደለም። በጡት የሚከለክለው ይኸው መድኃኒት በማሕፀን ራሱ እንደ ሆርሞኑ ይሠራልና፣ ከማረጥ በኋላ ደም ቢታይ፣ ወይም እግር ቢያብጥና ትንፋሽ ቢያጥር፣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እርጉዝ ሴትም ልትወስደው አይገባም።

ጠበል የሚጠመቁትም እንክብሉን ስለ ጠበሉ ብለው አይተዉት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ማስተማራቸውን እናስታውስ። የቤቱ ልጆችም እናታቸው በየማታው እንክብሏን መዋጧን ቢያስታውሱ፣ ትልቅ አገልግሎት ፈጸሙ ማለት ነው።