«እሳቸው እኮ አያውቁም» የሚለው የበዓል ውሸት

በየበዓሉ በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች አንድ በር ይዘጋል። ሳሎኑ ቄጠማ ተጎዝጉዞበት፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ እንግዳው «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ ሲገባ፣ ከጓዳው አጠገብ ያለችው ክፍል ገርበብ ትደረጋለች። አንዳንድ ቤትማ ከውጭ ትቆለፋለች። ውስጥ አያት አሉ። «አባባስ የት ናቸው?» ሲባል «ደከም ብሏቸው ተኝተዋል» ይባላል። ጠያቂው የቅርብ ዘመድ ከሆነ ድምፅ ዝቅ ይልና «ተዋቸው፣ እሳቸው እኮ በዓል መሆኑንም አያውቁም» የሚለው ይከተላል።

ይህ ውሸት ነው። ለአዛውንቱ የታዘነ ይመስላል እንጂ የሚነገረው ለቤተሰቡ ምቾት ነው።

ውሸቱ የሚጀምረው «ጃጅተዋል» ከሚለው ቃል ነው። ቃሉ ነገሩን የዕድሜ ዕጣ አድርጎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ግን ዕድሜ ብቻውን ሰውን የገዛ ልጁን ስም አያስረሳም። ዲሜንሺያ በሽታ ነው፤ ዋነኛ መንስኤው አልዛይመር ሲሆን፣ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ስለ ታካሚው ለሙያ ባልደረቦቹ የተናገረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የፈረንጅ በሽታ ነው የሚለው ወሬም እዚህ ላይ ያበቃል።

ለመሆኑ «አያውቁም» ሲባል ምን ማለት ነው? የአሜሪካው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት ለ17 የአልዛይመር ሕሙማን አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁራጮችን አሳይተው ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሕሙማኑ ስላዩት ነገር የሚያስታውሱት እጅግ ጥቂት ነበር፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ምንም አላስታወሱም። ሐዘኑና ደስታው ግን አብሯቸው ቆየ። የባሰው ደግሞ፣ ያዩትን ይበልጥ በረሱት ላይ ሐዘኑ ይበልጥ መቆየቱ ነው። በሩ የተዘጋባቸው አባትም በሩን ማን እንደዘጋው ላያስታውሱ ይችላሉ። የተገፋ ሰው ስሜት ግን ይቀርባቸዋል፤ ምክንያቱን ሊናገሩት የማይችሉት ስሜት። ማታ ምግብ ሲገፉ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካቸው?» የሚለው ያው በሩን የዘጋው ቤተሰብ ነው።

በዓል ለእነዚህ አዛውንቶች ከአዘቦት ቀን ይልቅ የሚያስፈራበት ምክንያት ብዙም አይወራም። በብዙ ቤት እናትን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ሌሊት ሲነሱ የምትመልሳቸው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ስሟን ባይጠሩም እጇን ያውቃሉ። እሷ ደግሞ የሰው ልጅ ናትና ለበዓል አገሯ ትገባለች፤ መብቷም ነው። የሚያውቁት እጅ በዋዜማው ይሄድና በማግስቱ ቤቱ በማያውቁት ፊት ይሞላል። ወንበር ቦታውን ይለቃል፣ በጉ ግቢ ውስጥ ይጮኻል፣ የቴሌቪዥኑ የበዓል ዝግጅት ጣራ ይነካል። ጆሮው የደከመ ሰው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ አንዲት ቃል ለይቶ መስማት አይችልም። ሲጨንቃቸው «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ፣ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው። ይኼኔ ነው በሩ የሚዘጋው። ልጅቷ ከመሄዷ ሁለት ቀን በፊት ተተኪ የሚሆን ሰው አጠገቧ ተቀምጦ አያያዟን ቢያይ፣ የማጥቢያውን ሰዓትና የምግቡን መጠን ቢጠይቃት ምን ይጎድላል? ለበጉ ሦስት ገበያ የዞረ ቤተሰብ ለዚህ ጊዜ አጣሁ ሲል ማመን ያስቸግራል።

ሳሎን የወጡትም ቢሆኑ ፈተና ይጠብቃቸዋል። «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» የሚሉት ነገር። አንዱ የወንድም ልጅ ጠይቆ ሳይጨርስ ሌላው ይተካል፤ አዛውንቷ ተሳስተው የሞተ ወንድማቸውን ስም ሲጠሩ ቤቱ ይስቃል። በፍቅር ነው ይባላል። ከዋሽንግተንና ከሪያድ የሚደወለውም ስልክ ከዚህ አይሻልም፤ ስክሪኑ ፊታቸው ላይ ይደቀንና «እማዬ፣ አወቅሽኝ?» ይመጣል። «እማዬ፣ እኔ የመጨረሻዋ ልጅሽ ነኝ፤ ድሮ አብረን ቡና የምንቆላው» ማለት ከጥያቄው ምን ያህል ይከብዳል? ያቺኛዋ የሚታወስ ነገር ይዛ ትመጣለች። ጠያቂዋ ግን እናቷን በሰው ፊት ፈትና ትጥላለች።

እውነት ነው፣ አስታማሚው ይደክማል። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣች ልጅ አንዲት ቀን ከዘመድ ጋር ተቀምጣ ቡና ልጠጣ ብትል ማንም ሊፈርድባት አይገባም። ሕመሙ አንዳንዴ ጨዋ የነበሩትን ሰው ያሳድባል፣ በእንግዳ ፊት ልብስ ያስወልቃል፤ «ሰው ምን ይላል» የሚለው ፍርሃትም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ምርጫው ሠላሳ ሰው በሞላበት ሳሎንና በተቆለፈ ክፍል መካከል ነው ያለው ማነው? ፋሲካን እንውሰድ። ብዙ የዲሜንሺያ ሕሙማን ቀኑ ሲመሽ ይረበሻሉ፤ እኚህን ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቀስቅሶ ለመግደፊያ ማስቀመጥ ጭካኔ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግን፣ ሁለት ሰው ብቻ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ በለመዱት ወንበር፣ በለመዱት ሲኒ ይቻላል። ለዒድም እንዲሁ፤ ዘመዱ በአንድ ጊዜ ከሚጎርፍ በየሰዓቱ አንድ አንድ ሰው ይግባ።

ደግሞስ ድፎ ዳቦውን ማን ይቁረስ? ብዙ ቤት ይህ ማዕረግ ከአያት ተነጥቆ ለታላቅ ልጅ ተሰጥቷል፤ «ይደናገራሉ» ተብሎ። በልጅነት የተለመደ ጸሎትና ምርቃት ግን ሌላው ንግግር ከተበታተነ በኋላም አንደበት ላይ የሚቆይ ነው። የዛሬን ቀን የማያውቁ አባት እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ቃል ላይስቱ ይችላሉ። ቢስቱስ? የተሳሳተ ምርቃት አይጎዳም፤ «አሜን» ማለት ነው። ቢላውን ሌላ ሰው ይያዝላቸው።

ከቤት ውጭ ያለው ትርዒት የባሰ ነው። በዓል ሲደርስ ባለሥልጣኑም ኩባንያውም ወደ አረጋውያን ማዕከላት ካሜራ አስከትሎ ይጎርፋል። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ከጎዳና ያነሷቸውን ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፤ ነቀፋው ለእነሱ አይደለም። ነቀፋው፣ የት እንዳሉ ግራ የገባቸውን እናት መብራት አብርቶባቸው፣ ማይክ ደቅኖ «ምን ተሰማዎት?» ለሚለው ነው። ፈቃድ መስጠት የማይችልን ሰው ፊት ለዜና መጠቀም «ማዕድ ማጋራት» ተብሎ ስለተጠራ አይጸዳም። የዓለም የአልዛይመር ቀን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 11 ይውላል፣ ከእንቁጣጣሽ 10 ቀን በኋላ። ያን ቀን ካሜራውም ለጋሹም ከግቢው ወጥቷል። ካሜራውን ቢሮ ትቶ፣ በአሥር ሰው ፈንታ ሁለት ሰው ልኮ፣ አንድ ሰዓት አጠገባቸው የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ካለ ቀኑ ክፍት ነው።