‹‹የሰይጣን›› የተባለውን ሙዚቃ ለሰባት ቀን ሰማሁት

ሄቪ ሜታል አልወድም። በኋላ ‹‹እሱም ገባበት›› እንዳትሉኝ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ለእኔ ሙዚቃ ማለት ትዝታ ነው፣ አምባሰል ነው፣ ሲመሽ ደግሞ ጥላሁን ነው። የታናሽ ወንድሜ ሙዚቃ ግን… የወፍጮ ቤት ሞተር ከሰው ጋር ተጣልቶ ሲሰዳደብ ነው የሚመስለኝ።

ነገሩ በቀልድ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍኩት። በሁዳዴ ጾም እናታችን ማዳመጫውን ከጆሮው ነጥቃ ለአንድ አፍታ ሰማች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ‹‹ልጄን ሰይጣን ወስዶብኛል፤ ጠበል ይግባልኝ!›› ጎረቤት መከረ፣ ዘመድ ተጠራ። ልጁ ምን አጠፋ? አይጠጣም፣ አይሰርቅም፣ ትምህርቱን ይማራል። ጥፋቱ ጥቁር ካናቴራና ጩኸት ነው። እኔም ዝም ብዬ ከእናቴ ጎን ቆምኩ። ጩኸቱ እንዲቆምልኝ ፈልጌ ነበራ!

ወንድሜ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹‹መጀመሪያ ስማው፣ ከዚያ ፍረድ።›› ምን ይባላል? ሰባት ቀን ሰጠሁት።

ከሥሩ ጀመርኩ፤ ከብላክ ሳባዝ። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡ የበርሚንግሃም የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ናቸው። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራና መጫወቱን ቀጠለ። ቆየት ብሎም ጣቱን እንዳያስቸግረው ክሮቹን አላላቸው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወፍራል፣ ይከብዳል። ‹‹የሰይጣን›› የምንለው ያ ከባድ ድምፅ እንግዲህ ከአንድ ወጣት ሠራተኛ ቁስል ጋር የተያያዘ ነው። ፋብሪካ በበዛባት ደብረ ብርሃን ይህ ታሪክ ለማን ይከብዳል?

በዚያው ዓመት ያወጡት ‹‹ዋር ፒግስ›› ደግሞ ድሃውን ወደ ጦርነት እየሰደዱ እነሱ ዳር የሚቆሙትን የሚያወግዝ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ ያየን የሰሜን ሸዋ ልጆች በዚህ ላይ የምንለው አይጠፋም። ዜማውን አልወደድኩትም። ንዴቱን ግን አውቀዋለሁ።

በአራተኛው ቀን እናቴ በገና ከፍታ ነበር። የበገናን ንዝረት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ድምፅ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አውታሩ ከሚያርፍበት ሥር እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ነው። የሜታል ጊታርም ድምፁ ሆን ተብሎ ይሻከራል። ሁለቱ አንድ ናቸው አላልኩም፤ አንዱ ጸሎት ነው፣ ሌላው አይደለም። ግን ሻካራ ድምፅ ሁሉ ከሰይጣን ከሆነ በገናውን ምን ልናደርገው ነው?

ደግሞስ ሜታል ማለት ብረት አይደል? እኛ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ‹‹ቡዳ›› ስንል የኖርን ሕዝብ ነን። በማረሻው እያረስን፣ በማጭዱ እያጨድን፣ ባለሙያውን ግን እንፈራዋለን። አንኮበር ላይ ነግሠው የነበሩት ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው፤ ያልገባንን ነገር ለሰይጣን የመስጠት ልማዳችን ግን አልለቀቀንም።

‹‹የፈረንጅ ነገር ነው›› ለምትሉም፣ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ‹‹ኤርታሌ››ን ሲያወጣ የሮክን ጊታር ከእኛው ቅኝት ጋር አጋብቶ አሳይቷል። እኔን ያስደሰተኝም ከሁሉም ይሄኛው ነው። ጆሮዬ አገሩን አይለቅማ!

በሰባተኛው ቀን ራሴን አሞኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሜታል አሁንም አልወድም። ነገር ግን ማታ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ ለእናቴ የዚያን ልጅ የፋብሪካ ታሪክ ነገርኳት። ስለ ጠበሉ ምንም አላለችም። ሲኒውን ይዛ ትንሽ ዝም አለችና ‹‹ጣቱ ዳነለት ታዲያ?›› አለችኝ።

ወንድሜ ጠበል አልሄደም። ‹‹ቀስ አድርገህ ስማ፣ በጾም ግን አይሆንም›› ተብሎ ታረቀ።

እስቲ እናንተም የምትጠሉትን አንድ ነገር ለሰባት ቀን ስሙት። ባትወዱትም ግድ የለም፤ እኔም አልወደድኩት። ብቻ ሰምታችሁ ጥሉ።