«ደህና ነኝ» የሚል ልጅ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ገበያ ስወርድ የፈለግሁትን ሳልገዛ እመለሳለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ለሰው ግን አሁንም «ሲስተር» ነኝ። «ሲስተር፣ ልጄ ጋምቤላ ደረሳት፤ ምን ልሰንቅላት?» «ሲስተር፣ የእኔው አሶሳ ነው፤ ብርድ አለ ይሆን?» ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ሻንጣው ነው። በሶው ተፈጭቷል፤ ዳቦ ቆሎው ደርቋል፤ ሽሮና በርበሬው በፌስታል ተቋጥሯል፤ ጋቢው ታጥቦ ተሰጥቷል። እናቶች በዚህ በኩል የኔን ምክር አይፈልጉም። እኔ ልናገር የምፈልገው ሻንጣው ከሄደ በኋላ በየእሑዱ ስለሚደወለው ስልክ ነው።

የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ጤናህስ? ትምህርቱስ?» ይባላል። መልሱም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሰላሳ ዓመት ካለፈ የሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ባስታውስ፣ በቃሬዛ የመጣ ሰው ሳይቀር በመጀመሪያ «ደህና ነኝ» ብሎ ከዚያ በኋላ ነው የሚያቃስተው። ምስጋናውን አልነቅፍም፤ እኔም እንደዚያው ነው የምመልሰው። ነገር ግን ከቤት በወጣ በመጀመሪያ ዓመቱ ያለ ልጅ በስልክ «ደህና ነኝ» ሲል ስለ ጤናው ገና ምንም አልነገራችሁም፤ ሰላምታ ነው የመለሰላችሁ።

ለምን ይደብቃል? ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ አስቡት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ 3.3 ብቻ ነበሩ። ሌላው ወይ ሬሜዲያል ገባ ወይ ቤቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለፈ ልጅ የአባቱ ልጅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቀበሌው ልጅ ሆኗል። በግ ይታረዳል፣ ዕድርተኛው ያዋጣል፣ ሽማግሌው ቆሞ ይመርቃል። ምርቃቱ ጥሩ ነው፤ ግን አስራ ስምንት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ይከብዳል። ያ ሁሉ ሰው የመረቀው ልጅ «ታመምኩ»፣ «ፈተና ከበደኝ»፣ «ብሩ አለቀ» ለማለት አፉ ይያዛል። የመንገዱ ነገር ደግሞ አለ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች የማያስታውስ የአማራ ክልል ወላጅ የለም። ልጆቹም ያስታውሳሉ። «ታመምኩ ካልኩ እናቴ ትነሳለች፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?» ብለው ያስባሉ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሰማሁት ከአንድ የጎረቤቴ ልጅ ነው። የተመደበው በምዕራብ ቆላ ነበር። እናቱ በየእሑዱ ትደውላለች፤ እሱም «ደህና ነኝ እማ» ይላል። ለዕረፍት ሲመጣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጠብቦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ በቀትር ፀሐይ ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። አንድ ክሊኒክ ወሰዱት፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ፤ መርፌውን ጨረሰ። ከአስር ቀን በኋላ እንደገና ተነሳበት፤ እንደገና «ታይፎይድ» ተባለ። የከረመበትን አገር የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረም። ኋላ ደሙ ለወባ ሲታይ ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት ተገኘበት። መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ፤ አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው። ያኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «ለምን ለእናትህ አልነገርክም?» ስለው፣ «ብነግራት መምጣቷ አይቀርም፤ መንገዱን ደግሞ ያውቁታል፤ በሬውንም ትሸጠው ነበር» አለኝ።

ስለ ወባ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ለደገኞች ዋናው እሱ ነውና። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወባ ደግሞ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው። የማርቆስ፣ የስናን፣ የቢቡኝ ልጅ ሰውነት ወባን ለምዶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሲይዘው ያጠናበታል። አያቶች የ1950 እና የ1951 ዓ.ምን. ወረርሽኝ ሲወራ ሰምታችኋል። ወባ ብዙም ወደማታውቃቸው የወይና ደጋ አገሮች ወጥታ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው አሳምማ 150 ሺህ ያህል እንደገደለች ተጽፏል። አሁን ወደ ቆላ የሚወርዱት ልጆቻችን ናቸው፦ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ሰመራ፣ አርባ ምንጭ። በሽታውም የቀድሞ ወሬ አይደለም። በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና ከ1,100 በላይ መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ስለዚህ ቆላ ለሚሄድ ልጅ ሁለተኛውን ብርድ ልብስ አስቀሩና አጎበር ስጡት። አጎበሩን ሰቅሎ መተኛት ደገኛ ልጅ ያፍራል፤ «ሙሽራ መሰልኩ» ይላል፤ ይልመደው። የወባ ትንኝ ከነከሰች በኋላ ሕመሙ እስኪታይ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቪቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይነሳል። ለፋሲካ መጥቶ ማርቆስ ላይ ያተኮሰው ልጅ ያመጣው ከዚያው ሊሆን ይችላል። ጤና ተቋም ስትሄዱ ከስሙ ቀጥሎ የከረመበትን ቦታ ተናገሩ፤ የወባ ምርመራ ይደረግለት በሉ። ክኒኑንም ይጨርስ። ኮአርተም ሦስት ቀን ነው፤ ምግብ በልቶ ነው የሚዋጠው። ለቪቫክስ የሚታዘዘው ፕሪማኩዊን ብዙ ጊዜ አስራ አራት ቀን ይወሰዳል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው የቀረውን ኪሱ ከቶ ክፍል የሚገባ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

(በነገራችን ላይ፣ ትኩሳት ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚባልበት ልማድ ያናድደኛል። በተለምዶ የሚሠራው የታይፎይድ የደም ምርመራ ቀድሞ ለያዘው ሰውም «አለ» ሊል ይችላል። ወረቀቱ ላይ አለ ስለተባለ ብቻ ሌላው ምርመራ አይቅር።)

ሁለተኛው ነገር ሆድ ነው። ግቢ ውስጥ ካፌ የሚመገብና ነን ካፌ የሚባል ተማሪ አለ። ነን ካፌው በወሩ መጀመሪያ ገንዘቡን ይቀበላል፤ እንደ ሰውዬው ነው እንጂ ወሩ ሳያልቅ ብዙዎቹ በቀን አንዴ ይበላሉ። ካፌ የሚመገበውም ቁርሱን ለእንቅልፍ ይሸጣል። ከዚያ ራሱን ያመዋል፤ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ ዲክሎፌናክ ይገዛል፤ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል። ከሁለት ወር በኋላ «ጨጓራ ያዘኝ» ይላል። ቃር ቃር የሚለው በምግብ ሰዓትና በሕክምና ይስተካከላል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ ግን እሬትም ተልባም አያስፈልግም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው። ሌላው በአጭሩ፦ አንድ ዶርም ውስጥ በርካታ ልጅ ያድራል፤ የአንዱ እከክ ለሁሉም ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለቲቢ መታየት አለበት፤ ምርመራውና መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የአንገት መገተር አብረው ከመጡ ጠዋትን አይጠብቁም።

ሦስተኛው ለመናገር የሚከብደው ነው። በትምህርት ቤቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሲወጣ የኖረ ልጅ የመጀመሪያውን ሚድ ፈተና ከሠላሳ አስራ አንድ ያመጣል። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ከጎኑ የተቀመጠው የከተማ ልጅ የገባው ይመስለዋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለሆነ ዲፓርትመንት የሚደርሰው በዚያው ውጤት ነው፤ ይህንንም ያውቃል። አንዱ ይበረታል፣ ሲኒየር ፈልጎ ይጠይቃል። ሌላው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ለጥናት ብሎ ጫት ይጀምራል፣ ከሰው ጋር መብላት ይተዋል፣ ስልኩን ያጠፋል። ይህ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ስንፍና አይባልም፤ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒትም ምክርም አለው። ቤተሰብ ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው «መተት ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው» ነው። ጸበል አትውሰዱት አልልም፤ እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ግን ሐኪምም ይየው፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ጸበል ቦታ ይዞ ይሂድ። «ብሞት ይሻለኛል» ያለ ልጅ ደግሞ በቀልድም ይበለው ብቻውን አይደር። በዚያው ቀን አብሮት ያለውን ጓደኛ አግኙና ክሊኒክ ይውሰደው፤ እናንተም ተነሱ።

ስለ ሴት ልጆች ዝም ብዬ ካለፍኩ የሙያዬ ዕዳ ይቀርብኛል። እናቶች ሆይ፣ «ራስሽን ጠብቂ» ብላችሁ ስትሸኟት ምን ማለታችሁ እንደሆነ አልነገራችኋትም። የወር አበባ መጠበቂያ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ ስጧት፤ ስለ እሱ በስልክ መጠየቅ ታፍራለች። ስለ ወንድ ጓደኛ፣ ስለ እርግዝና መከላከያ፣ ስለ ኤች አይ ቪ ከእናንተ ብትሰማ ከዶርም ወሬ ይሻላታል። ከሁሉ በላይ አንድ ቁጥር ታውቅ፦ 72። ተገድዳ ከሆነ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ይጀመርላታል፣ እርግዝናንም መከላከል ይቻላል፤ በቶሎ በሄደች መጠን ይበልጥ ይሠራል። «ምን ብትሆኚ እኔ ጋ መጀመሪያ ደውይ፤ አልቆጣም» የሚለውን ቃል አውቶቡስ ሳትሳፈር ስጧት። ቃሉን ከሰጣችሁ ደግሞ ያ ስልክ ሲመጣ አትቆጡ። አባቶችንም ነው የምለው።

ታዲያ እሑድ ምን ብለን እንጠይቅ? «ደህና ነህ?»ን ጠይቁ፤ ሰላምታ ነው፤ መልሱን ተቀበሉና እለፉ። ከዚያ «ዛሬ ምሳ ምን በላህ?» በሉ። መልሱ ከዘገየ አልበላም። «ከማን ጋር በላህ?» በሉ። ሁለት እሑድ በተከታታይ «ብቻዬን» ካለ ልብ በሉት። «ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛህ?» በሉ። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከዶርም ልጆች የታመመ አለ?» ልጅ የራሱን ሕመም ይደብቃል፤ የጓደኛውን ግን ይናገራል። «አንዱ ልጅ ሲያተኩሰው ከረመ፣ አሁን እኔንም ትንሽ...» ብሎ ይጀምርላችኋል። አያቶችም ለዚህ ከወላጅ ትበልጣላችሁ፤ ለአባቱ ያልነገረውን ለአያቱ ይናገራልና ስልኩ ለእናንተም ይሰጣችሁ። የሁለት የዶርም ጓደኞቹን ስልክ ቁጥርም ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የእሱ ስልክ የጠፋ ቀን የምትደውሉት ለእነሱ ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ነገር አለ። የከተማው ሰው ከሩቅ የመጣን ተማሪ እንደ ልጁ ተቀብሎ ሲታመም ይጠይቀዋል፣ በበዓል ያበላዋል። እኛም በራችን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሰው ልጅ እጃችን ላይ ነው። ከሰመራ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ከፍታው ነው፤ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። በብርዱ ምክንያት ገላውን መታጠብ ይተዋል፤ ልብሱን ደራርቦ ያድራል፤ ቅማል የሚገባውም ያኔ ነው። ሙቅ ውሃና ትርፍ ጋቢ ያለው ቤት እሑድ ከቅዳሴ ወይም ከቡና በኋላ አንድ ልጅ ቢጠራ ብዙ አይጎድልበትም። እንጀራችንንም መጀመሪያ ላይ ላይወደው ይችላልና አታስገድዱት፤ ድንች ቀቅሉለት።

በሚቀጥለው ሳምንት የደም ግፊት ክኒናቸውን «ተሻለኝ» ብለው ስለሚያቆሙ አያቶች እንነጋገራለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።