ርእሰ አንቀጽ፤ ፊሽካው በማን እጅ ይቅር?

የቀትሩ ሙቀት ከበረደ በኋላ ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርድ ሰው በየሜዳው አቧራ ተነሥቶ ያያል። አቧራውን የሚያስነሡት ኳስ የሚያባርሩ ልጆች ናቸው። ከልጆቹ አጠገብ ደግሞ ፊሽካ ባንገቱ ያንጠለጠለ፣ ከጩኸት ብዛት ድምፁ የሻከረ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የሚከፍለው የለም፤ ኳሱንም ብዙ ጊዜ የገዛው ከኪሱ ነው። ዛሬ ስለዚህ ሰው ለመጻፍ የተነሣነው፣ ሙያው ከታወቀለት አንድ ቀን ወደ ቢሮ መጠራቱ ስለማይቀር ነው። በተጠራ ጊዜ ሜዳው ምን ይሁን?

የዚህ ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊ ባደገበት መንደር እንዲህ ያለ አሠልጣኝ ነበር። ሠላሳ የምንሆን ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን ይሰበስበናል፤ ያረፈደውን ሜዳውን ያዞረዋል፤ በትምህርቱ የሰነፈውን ደግሞ ጭራሽ አያሰልፈውም። ወሬው ተሰማና አንድ መሥሪያ ቤት «የስፖርት ባለሙያ» ብሎ ቀጠረው። በእውነት ደስ ብሎን ሸኘነው፤ ልጆች ያሉት ሰው ነበርና ደመወዙ ይገባዋል። በሁለተኛው ወር በሜዳችን ላይ ከብት ይግጥ ጀመር። ኋላ መንገድ ላይ ሳገኘው ዋና ሥራው ሪፖርት መጻፍ እንደ ሆነ ነገረኝ። በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ የእኛ ቡድን እንዳለ ተቈጥሮ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ለመሳቅ ሞከረ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

እንግዲህ ከሜዳ ወደ ወንበር መሄድ ክፉ ነው ልንል ነውን? አይደለም። ተቃራኒውን የሚያሳይ ትልቅ ሰው አገራችን አፍርታለች።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ከሃያ ዓመት በላይ በአጥቂነት ተጫወቱ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ። የአገራችን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1930ዎቹ ሲደራጅ ከደከሙት ሰዎች መካከል ናቸው። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ማኅበሩን የመሠረቱት አገሮች ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ውጭ ሆነች። ይህ የዘር መለያየት ጕዳይ አቶ ይድነቃቸውን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልለቀቃቸውም፤ እሳቸውም አልለቀቁትም።

ከዚያ በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. መጣ። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ አሠልጣኙም አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ የመጣው ቡድናችን ከግብፅ ጋር ገጠመ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስተካከሉ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ አክለው ጨዋታው በ4 ለ 2 አለቀ። ወንድማማቾቹ የአሥመራ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ ደግማ አላነሣችም።

ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ቡድን ያሠለጠነ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ብዙ ሳይቈይ ታየ። ፊፋ በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ለብቻዋ አንድ ቦታ እንኳ አልሰጠም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ቦታውን ለማግኘት ከሌላ ክፍለ ዓለም አሸናፊ ጋር ይጋጠም ተባለ። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ይህን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። ለአንድ ተጫዋች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዕድሜው አንዴ የሚያገኘውን ዕድል ተው ማለት ነው። እኛ እንደምናስበው ግን ይህን መሥዋዕትነት ተጫዋች ሊቀበለው የሚችለው ራሱ ከተጫወተ ሰው አፍ ሲሰማው ነው። ለ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮም ሄደች።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ከነዘር ሕጓ ወደ ሜዳ እንዳትመለስ ሲከራከሩ ቆይተው በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ ስትባረር ለማየት በቁ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ከዚያ ወንበር አልተነሡም። በዚያው ዓመት አርባ ምንጭ ላይ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ዛሬ የምንማርበት ቤት ተከፍቷል።

ሁሉን አቅንተዋል አንልም። በውጭ አገር የሚጫወቱ አፍሪካውያን በብዛት ለአፍሪካ ዋንጫ እንዳይሰለፉ የሚያግደውን ደንብ ከደገፉት መካከል ነበሩ፤ ጊዜው ግን ጥሎት ሄደ፤ ዛሬ በዚህ ዋንጫ ከሚሰለፉት ብዙዎቹ በአውሮፓ የሚጫወቱ ናቸው። የሚያስጨንቀን ግን ይህ አይደለም። አፍሪካ ታላቅ አስተዳዳሪ ባገኘችበት ዘመን የእኛ ቡድን ወዴት ሄደ? በ1960 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን ላይ አራተኛ ወጣን። በ1968 ዓ.ም. ዳግመኛ አስተናግደን ከመጀመሪያው ዙር አላለፍንም። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ጭራሽ ከውድድሩ ጠፋን። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ከአሠልጣኝነት በመነሣቱ ብቻ ማሳበብ ግፍ ነው፤ መንግሥት ተለውጧል፣ ጦርነት ሆኗል፣ ገንዘብ ጠፍቷል። ቢሆንም ይድነቃቸውን የሚተካ ወንበር ላይ ሲፈለግ፣ ሜዳ ላይ የሚተካቸውን ማን ፈለገ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አትሌቲክሱም የራሱ ታሪክ አለው። ሻለቃ ኃይሌ በ2009፣ ኮሎኔል ደራርቱ በ2011፣ ስለሺ ስሕን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከመሮጫው መም ወደ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትነት መጥተዋል። ወልደመስቀል ኮስትሬ ግን ኃይሌንና ደራርቱን ያሠለጠኑበትን የእጅ ሰዓት ይዘው ሜዳ ላይ አረጁ። ለሁለቱም ዓይነት ሰው ቦታ ያስፈልጋል። እኛ ጋ ግን የሚከበረው ወንበር ያለው ብቻ ነው፤ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ጓደኞቻችንን ሲመረቁ ምን መሆን እንደሚሹ ብትጠይቋቸው ስንቱ «አሠልጣኝ» ይላል? እነሱን መውቀሳችን አይደለም፤ አሠልጣኝ የቤት ኪራይ የሚከፍልበት አገር እስክናይ ድረስ መልሳቸው የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ በላይ ባለው ደጋ፣ በጋሞ አገር፣ ሃላቃ የሚባለው ሹም በዱቡሻ ጉባኤ ፊት ይሾማል። ሲሾምም ሲያገለግልም በሕዝቡ ዓይን ሥር ነው፤ ተራው ሲያልቅ ለሚተካው ያስረክባል። አሠልጣኝን ወደ ቢሮ የሚወስድ መሥሪያ ቤት ሁሉ ከዚህ ሥርዐት ጥቂት ቢማር ጥሩ ነበር፤ የሹመቱ ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት ሜዳውን የሚረከበው ሰው ስም ይጠየቅ፤ ተሿሚውም በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ልጆቹ እንዲወርድ ይፈቀድለት። ይህ በጀት አይጠይቅም። አዞዎቹ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲወጡም ሲወርዱም ስታዲዮሙን የምንሞላ እኛ፣ የሚቀጥለው አጥቂ ዛሬ ሲቀላ ውስጥ በባዶ እግሩ እንደሚጫወት ልንዘነጋ አይገባም።

የማኅበራችን የስፖርት ተጠሪ በሚመረጥበት ጊዜ በዚህ ጋዜጣ ላይ እጩዎቹን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፤ እስከ ዛሬ ስታሠለጥነው የነበረውን ቡድን ለማን አስረክበህ መጣህ? መልሱን በስማቸው እናትማለን። አሠልጥኖ የማያውቅ እጩ ካለም እሱንኑ ይጻፍልን፤ እናትምለታለን።