ስለ ፖርቱጋል ቋንቋ መስተጻምር ፤ ለጀማሪዎች

ቤት ሲሠራ ሁሉም የሚያየው ምሰሶውንና ማገሩን ነው፤ ሁለቱን አጥብቆ የሚያስረውን ልጥ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ንግግርም እንደዚሁ ነው። ስምና ግስ ያለ ማሰሪያ ቢደረደሩ ዐሳብ አይቆምም። ይህን ማሰሪያ የቅኔ መምህሮቻችን አገባብ ይሉታል፤ በሰዋስውም መስተጻምር ይባላል።

በአዊ ዞን በአዘና የሚያድግ ልጅ በቤቱ አውኚን፥ በገበያ አማርኛን፥ በቤተ ክርስቲያን ግእዝን ይሰማል። በዚህ ላይ ፖርቱጋልኛ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ከአገሩ ሩቅ አይደለም። እስፓኛዊው መነኵሴ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሆኖ በአዊ ጎረቤት በሰከላ ያለውን የዓባይን ምንጭ፥ ግሽ ዓባይን፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1618 ዓ.ም. አይቷል፤ ያየውንም የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው። ከርሱ አስቀድሞ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አገራችን የጻፈው መጽሐፍ በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። ዛሬም ቋንቋው ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አንጎላ፥ ሞዛምቢክ፥ ኬፕ ቨርዴ፥ ጊኒ ቢሳው፥ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔም መንግሥታቸውን ያካሂዱበታል።

እንግዲህ ጀማሪ አስቀድሞ ስድስት ቃላት ይያዝ። ድምፃቸውን በሊዝቦን አነጋገር እናቀርባለን።

«ኢ» የግእዝ «ወ» ናት። «ፓይ ኢ ማይን» ማለት አባትና እናት ማለት ነው።

«ኦ» የግእዝ «አው» ናት። «ሻ ኦ ካፌ» ሻይ ወይም ቡና ማለት ነው።

«ማሽ» እንደ «ባሕቱ» ናት። «ፕኬኑ ማሽ ፎርት» ትንሽ ነገር ግን ብርቱ ማለት ነው። «ይበልጥ» የሚል ትርጓሜ ካለው ከ«ማይሽ» ጋራ እንዳትደባለቅ መጠንቀቅ ያሻል።

«ፑርክ» የግእዝ «እስመ»፥ «ስ» የግእዝ «እመ»፥ «ኳንዱ» የግእዝ «ሶበ» ናቸው። «ኳንዱ ኤው ኤራ ምኒኑ» ማለት እኔ ልጅ ሳለሁ ማለት ነው።

ተማሪን የሚያደናግረው የቃላቱ ቍጥር ሳይሆን ስፍራቸው ነው። አማርኛ ምክንያቱን አስቀድሞ፥ ማሰሪያውንም ከግሱ አጣብቆ «ዝናብ ስለ ዘነበ ወደ ገበያ አልሄድሁም» ይላል። ፖርቱጋልኛ ግን ነገሩን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል፤ «ናውን ፉይ አው መርካዱ፥ ፑርክ ሹቬው» ይላል። አውኚም እንደ አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ስለሚያኖር፥ ለአዘና ልጅ ይህ ሥርዐት እንግዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ግእዝ የተማረ ሰው «ኢሖርኩ ውስተ ምሥያጥ እስመ ዘንመ ዝናም» ቢል ማንም አያርመውም። «እስመ» በቆመችበት ስፍራ «ፑርክ» ትቆማለች። ስለዚህ ከቅኔ ቤት አገባብ የተማረ ልጅ የፖርቱጋልኛን በር ግማሽ ከፍቶ ይገባል።

የማሰሪያ ቃል ስሕተት ቀላል አይምሰለን። «ፓጉ ፑርክ ኤል ትራባልያ» ማለት ስለሚሠራ እከፍላለሁ ማለት ነው፤ «ፓጉ ስ ኤል ትራባልያር» ማለት ግን ከሠራ እከፍላለሁ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሠራተኛው በሥራው ላይ ነው፤ በሁለተኛው ገና ምንም አልሠራም። እነዚህን ሁለቱን የለወጠ አስተርጓሚ አንዱን ወገን ከገንዘቡ ያጣላዋል። ግሱም ከ«ስ» በኋላ ገና የሚመጣውን ሲናገር መልኩን እንደሚለውጥ ልብ ይሏል። እኛም «ነገ ከመጣ» እንላለን እንጂ «ከይመጣ» አንልም።

በውል ላይ የአንድ ቃል ልዩነት ምን እንደሚያመጣ አገራችን ታውቃለች። በ1889 በተጻፈው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ አማርኛው ይቻላቸዋል ሲል የኢጣልያንኛው ግዴታ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ፤ ጠቡም እየሰፋ ሄዶ በ1896 በዐድዋ በደም ተፈረደ።

ስለዚህ ልጆቻችሁን የውጭ ቋንቋ የምታስተምሩ ወላጆች ሆይ፤ የስም ዝርዝር ከማሸምደድ በፊት ማሰሪያዎቹን አስጠኑ። በየማታው አንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ስጧቸው፤ ምክንያቱን ከነገሩ ለይተው ይንገሩ፤ ከዚያም በግእዝ፥ ቀጥሎም በፖርቱጋልኛ ይመልሱት። ስድስቱን ቃላት በዚህ መንገድ የያዘ ልጅ መጽሐፍ ሲገልጥ «ስለ»ን ከ«ከ»፥ «ግን»ንም ከ«እና» ይለያል። የልጆቻችሁን የአገር ትምህርት ወደ ኋላ የቀረ ነው ብላችሁ አትናቁ፤ ለሩቁ ቋንቋ መሰላል የሚሆናቸው እርሱ ነውና።