ሳይታረም የተቀመጠ ድምፅ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ብሂል የተነገረው ድምፅን ይዞ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ግን በቃል ያለውም ይወረሳል፤ በቴፕ ላይ የተቀረጸ ድምፅ ባለቤቱ ካለፈ በኋላም ይናገራልና። ስለዚህ የዘመናችን ጥያቄ ድምፅ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚል ሳይሆን፣ እንዴት ሆኖ ይቀመጥ የሚል ነው። ጉድለቱ ታርሞ ይቀመጥን? ወይስ እንዳለ?

በዚህ ጥያቄ ላይ አጥብቀው ከሚከራከሩት ሰዎች መካከል በአሜሪካ አገር ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሮክ ሙዚቃ ጓድ ወዳጆች ይገኛሉ። አንባቢያችን የሮክን ሙዚቃ ባይወድ እንኳ፣ ክርክራቸውን በትዕግሥት ቢያዳምጥ ለቤቱ የሚሆን ትምህርት አያጣበትም። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ይህ ጓድ በ1965 በካሊፎርኒያ ተቋቁሞ ሠላሳ ዓመት ያህል ከተጫወተ በኋላ፣ ጊታር ተጫዋቹና ድምፃዊው ጄሪ ጋርሺያ ኦገስት 9 ቀን 1995 በሞት ስለ ተለየ በዚያው ዓመት ሥራውን አቆመ። በእነዚህም ዓመታት ከ2,300 በላይ የሙዚቃ ትርዒቶች አሳይቷል። ልዩ ጠባዩ አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት አኳኋን አለመጫወቱ ነው። ትናንት በጥቂት ደቂቃ ያለቀው ዘፈን ዛሬ ሃያ ደቂቃ ሊወስድ፣ ከዚያም ሳይቋረጥ ወደ ሌላ ዘፈን ሊሻገር ይችላል። ከዚህም የተነሣ ትናንት የሰማ ሰው ሁሉን ሰማሁ ለማለት አይችልም ነበር።

ስለሆነም ወዳጆቹ ቴፕ ሪኮርደርና ማይክሮፎን ይዘው ወደ አዳራሹ ይገቡ ጀመር። ብዙ ጓዶች እንዲህ ያለውን ሰው ከበር ሲመልሱ፣ እነዚህ ግን በ1984 ለቀራጮች ከድምፅ ማስተካከያው ጠረጴዛ በስተኋላ የተለየ ሥፍራ ሰጧቸው። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ቴፑን መለዋወጥ ይቻላል፣ መሸጥ ግን አይፈቀድም። ወዳጆቹም በፖስታ እየተላላኩ አንዱ ከሌላው ሲገለብጡ ኖሩ። ነገር ግን ቴፕ ከቴፕ በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው እየበዛ፣ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። የብራና መጻሕፍትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ጸሐፊው ከጸሐፊ በገለበጠ ቁጥር ግድፈት ይጨመራልና።

ጓዱም ራሱ የገዛ ድምፁን ያስቀርጽ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የድምፅ ኃላፊ የነበረው አውስሊ ስታንሊ የሚቀርጸው ለገበያ ብሎ ሳይሆን፣ በሥራው የፈጸመውን ጉድለት በኋላ ሰምቶ ለማረም ነበር። ከእርሱም በኋላ ቤቲ ካንተር ጃክሰን የተባለችው ባለሙያ እጅግ ጥራት ያላቸውን ቴፖች ቀረጸች። ዳሩ ግን የዕቃ ማከማቻውን ኪራይ መክፈል ስላቃታት፣ በ1986 ንብረቷ በሐራጅ ሲሸጥ ቴፖቿም አብረው በባዕድ እጅ ገቡ። ከእነዚያ ቴፖች የተገለበጡት ቅጂዎች በወዳጆቹ ዘንድ ተሠራጩ፤ ከሁሉም ይልቅ ሜይ 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ የተደረገው ትርዒት ስሙ ገነነ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ መዝገቡ የ2011 ምርጫ ውስጥ አገባው። በጓዱ ስም በይፋ ታትሞ የወጣው ግን በ2017፣ ልክ አርባ ዓመት ሲሞላው ነው።

የጓዱን የቴፕ ግምጃ ቤት ይጠብቅ የነበረው ዲክ ላትቫላ አስቀድሞ እንደ ሌሎቹ ቴፕ ሰብሳቢ የነበረ ሰው ነው። በ1993 የዲክ ምርጫ የተባለው ተከታታይ እትም በእርሱ መራጭነት ተጀመረ፤ እርሱ በ1999 ቢሞትም ሥራው ቀጥሎ እስከ 2005 ድረስ 36 ቅጾች ወጡ። በእነዚህም እትሞች ላይ ገዢውን የሚያስጠነቅቅ ቃል ታትሞ ነበር፤ ቀረጻው አሮጌ ስለሆነ አንዳንድ ጉድለት ይሰማበታል የሚል ነው። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ዴቪድ ለምዩ የሚመርጣቸው እትሞች በዓመት አራት ጊዜ ይወጣሉ።

እንግዲህ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ክርክሩ ይነሣል። አንደኛው ወገን፣ «ከምሽቱ ሁሉ የተዋጣውን መርጣችሁ ስጡን፤ ሕይወት አጭር ናት» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ «ምሽቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስጡን፤ ደካማው ዘፈን ባይኖር ብርቱው ከየት እንደ ተነሣ አይታወቅም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በጠረጴዛው በኩል ከተቀረጸው ጥሩ ድምፅ ይልቅ፣ ጭብጨባውና የአዳራሹ ትንፋሽ የሚሰማበትን የተመልካች ቴፕ ይመርጣል። ኮርኔልንም ቢሆን፣ ከሁሉ የላቀ ተጫውተውበት ነው ወይስ ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ተቀርጾና በብዛት ተገልብጦ ነው ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ በማግሥቱ በበፋሎ ከተማ የተደረገውን የሚያስበልጡም አይታጡም።

እርማትን በሚመለከት የሚነገረው ነገር በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ብዙዎቹ ቴፖች ድምፁ ሁሉ ተቀላቅሎ በሁለት መስመር ብቻ የተቀረጸባቸው ናቸው። ወተት ከቡና ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ወተቱን ለብቻው ማውጣት እንደማይቻል፣ በዚህ ዓይነቱም ቴፕ ላይ ጊታሩን ከከበሮው ለይቶ ማረም ለረጅም ጊዜ አይቻልም ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው በተቀረጸበት ቴፕ ግን ሁሉም ይቻላል። በ1972 ጓዱ በአውሮፓ 22 ትርዒቶችን አሳይቶ በዚያው ዓመት ሸክላ ሲያወጣ፣ አብዛኛውን የዘፈን ድምፅ በስቱዲዮ እንደገና ዘፍኖ ነበር። ሸክላው ውብ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያች ምሽት የተሰማው ድምፅ በትክክል ያ አይደለም። በ2011 ሃያ ሁለቱም ትርዒቶች በ73 ሲዲ ሙሉ በሙሉ ታትመው ሲወጡ የወዳጆቹ ደስታ ታላቅ የሆነው ስለዚህ ነው።

ወደ እኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። በሴፕቴምበር 1978 ጓዱ በግብፅ አገር፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሦስት ምሽት ተጫወተ። ሐምዛ ኤል ዲን የተባለው የኑብያ ተወላጅ የዑድ ደርዳሪ ከእነርሱ ጋር ሆኖ የአገሩን ዜማ በጭብጨባ አሰማ። ከኢትዮጵያ ደጋ በሚወርደው ዓባይ ዳር የነበረችው የትውልድ መንደሩ ቶሽካ፣ በአስዋን ታላቅ ግድብ ውኃ ተውጣለች። በሦስተኛው ምሽት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋረደች። ነገር ግን የፒያኖው ቅኝት ተበላሽቶ ነበር፤ ከበሮ መቺው ቢል ክሮይትስማንም አንጓው ተሰብሮ በአንድ እጁ ነበር የሚመታው። የጉዞውን ወጪ በሸክላው ሽያጭ ለመሸፈን ታስቦ ሳለ፣ ጓዱ ቴፑን ቢሰማ ስላላስደሰተው ሐሳቡን ተወው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2008 ከሁለቱ ምሽቶች ተመርጦ ወጣ። ዛሬ የሚሰማው ሰው የፒያኖውን ጉድለት ይሰማል፤ ነገር ግን መንደሯ በውኃ የተዋጠችባትን የዚያችን አገር ጭብጨባም ይሰማል። ጉድለቱን ፈርቶ ቴፑን የሚያጠፋ ሰው ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በጠፉ ነበር።

እኔ በዚህ ነገር ዳኛ ሆኜ ልቀርብ አልችልም፤ በደለኛ ነኝና። ልጅ ሳለሁ አጎቴ የአያቴን ቃል በአንድ ካሴት ሁለት ገጽ ሙሉ ቀርጸው ነበር። አያቴ በትግርኛ ስለ ትውልዳችን ሐረግና በችግር ዘመን በእግራቸው ስለ ተጓዙት መንገድ ይተርካሉ። በካሴቱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። እኔም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ለዕረፍት በመጣሁ ጊዜ በትምህርት ቤት ያጠናነውን መዝሙር ለመቅረጽ ፈልጌ ባዶ መስሎኝ አነሣሁት፤ በሁለተኛውም ገጽ ላይ ዘመርሁበት። በተከታዩ ዓመት አያቴ ዐረፉ። የቀረን አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቀን ስለ ደረሰ፣ ታናሽ ወንድሜ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ ሊያጠራው ተነሣ። ሳሉን፣ የዶሮውን ጩኸትና የሲኒውን መንቀጫቀጭ ሊያወጣ አሰበ። ደግሞም አያቴ አጎቴን በስሙ ሊጠሩት ሲሉ በስሕተት የሟች ወንድማቸውን ስም ጠርተው ለረጅም ጊዜ ዝም ያሉበት ሥፍራ አለ፤ እርሱንም ሊቆርጠው ፈለገ። ታላቅ እኅታችን ግን፣ «ያ ወንድማቸው ከጦር ሜዳ አልተመለሰም። ስለ እርሱ አንድ ቀን እንኳ ሲናገሩ አልሰማንም። እዚያ ላይ ዝም ያሉትን ከቆረጥኸው፣ ስለ እርሱ የነገሩንን ሁሉ ቆረጥህ ማለት ነው» አለችው። ወንድሜም መልስ አላገኘም፤ እኔም አላገኘሁም።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ዋናው ቀረጻ ምንም ሳይነካ ተቀመጠ። ለእንግዶች የሚሰማ የዐሥር ደቂቃ ቅጂ ተዘጋጀ፤ የተመረጠ መሆኑም ተጻፈበት። አክስታችን ከጠፋው ገጽ የሚያስታውሱትን እንዲተርኩ ለምነን፣ የእርሳቸውን ቃል ከአያቴ ቃል ጋር ሳንቀጥል ለብቻው በስማቸው ቀረጽነው። በካሴቱም ማኅደር ላይ ቀኑንና ሥፍራውን ከጻፍሁ በኋላ፣ ሁለተኛው ገጽ በእኔ ስሕተት መጥፋቱን በገዛ እጄ ጻፍሁ። መጻፉ ቀላል አልነበረም።

አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ አንባቢያን በዚህ አጋጣሚ ሦስት ቃላትን ለይተው ቢይዙ ይጠቅማቸዋል። ቀረጻ ማለት ድምፁ መጀመሪያ የተያዘበት ሥራ ነው። ቅጂ ማለት ከዋናው የተገለበጠ ነው። እርማት ማለት ጉድለትን ማስተካከል ነው። ሦስቱ የተለያዩ እንደ መሆናቸው መጠን በአንድ ዕቃ ውስጥ ሊደባለቁ አይገባም። በመሥሪያ ቤት ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ እንደሚያጣ እናውቃለን፤ የሚታረም ነገር ቢኖር አራሚው በግልጥ ይፈርምበታል እንጂ የቀድሞውን ቃል ፍቆ አያጠፋም። የቤተሰብ ድምፅም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በቤቱ የወላጆቹ ድምፅ ያለው ሰው ዛሬውኑ ማን እንደ ተናገረ፣ የትና መቼ እንደ ሆነ ይጻፍበት። ከዋናው አንድ ቅጂ ገልብጦ በሌላ ቤት ያስቀምጥ። ለማሳጠር ቢፈልግ ቅጂውን ያሳጥር፣ ዋናውን ግን አይንካ። ወላጆቹ በሕይወት ያሉለት ሰው ደግሞ ጸጥ ያለ ክፍልና ጥሩ መሣሪያ እስኪያገኝ አይጠብቅ። ዶሮው ቢጮኽ ይጩኽ፤ ሲኒውም ይንቀጫቀጭ።