በገዛ ፈቃድ

«እሱ እኮ አንድ ቦታ አይረጋም።» ከስድብ ሁሉ ጨዋው፣ ግን አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ይህ ይመስለኛል። ተናጋሪው ሌባ አይልህም፤ ሰነፍም አይልህም። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ ያዘነልህ መስሎ፣ «አይረጋም» ብሎ ያልፋል። ቃሏ ሥራውን ለቅቆ ሌላ ሥራ በፈለገ ሰው ሁሉ ግንባር ላይ ትለጠፋለች። በእኔም ላይ ሁለት ጊዜ ተለጥፋለች፤ መምህርነቴን የተውሁ ጊዜ፣ በኋላም የንብረት ክፍል ሥራዬን ትቼ፣ መጋዝና መላጊያ ይዤ ደሴ ላይ አናጺ የሆንሁ ጊዜ። ነገሩ ስለ ራሴ ጥብቅና መቆም ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሣሁ ነበር። የምሟገተው ቃሏ ራሷ ሐሰት ስለ ሆነች ነው።

ለመርጋት አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ግን የመጀመሪያ ሥራውን ራሱ የመረጠ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የቀረው ተመድቦ፣ ተጥሎ፣ ዕጣ ደርሶት ነው የገባው። እንግዲህ ሥራውን የሚቀይር ሰው የትኛውን ምርጫውን ከዳ ይባላል? ገና አሁን መምረጡ አይደለምን?

ከማውቀው አገር ልጀምር። ወገል ጤና የደላንታ ከተማ ናት፤ ደጋ፣ ነፋሻ፣ በበሽሎና በገባሮቹ ገደል በተከበበ አምባ ላይ የተቀመጠች። እኔ በዕጣ ደረሰችኝ። በ2001 ዓ.ም. መስከረም ፊዚክስ ላስተምር ስገባ ከተማው የሚያወራው ስለ ኦፓል ነበር። በ2000 ዓ.ም. ፀሐይ መውጫ ከሚባለው መንደር አጠገብ ኦፓል ተገኝቶ ነበርና። ማዕድኑ ያለው ከገደሉ ወገብ ላይ፣ እሳተ ገሞራ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ደራርቦ ባስቀመጠው ዓለት መካከል፣ በስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ቆፋሪው ከአፋፉ በቀጭን መንገድ ወርዶ፣ በዶማና በመዶሻ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል። ድንጋዩ ደግሞ ጠባዩ ልዩ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ይጠጣና ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ገዢ ገንዘቡ ውኃ የበላው መስሎት ይደነግጣል።

ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ፣ ተማሪው ደብተሩን ጥሎ ወደ ገደሉ ወረደ። መምህሩም መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ፣ ኋላ ከሰኞ እስከ ሰኞ ወረደ። በየስብሰባው «ገንዘብ አሳወራቸው» ተባለ። ገንዘብ ድርሻ አልነበረውም አልልም፤ የመምህር ደመወዝ የወር መጨረሻን እንደማያይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሮ የለቀቀ አንድ ባልደረባዬን ለምን እንደ ወረደ ጠይቄው ስለ ብር አላነሣም። «እዚያ ማታ ላይ ምን እንዳገኘሁና ምን እንዳጣሁ አውቃለሁ» ነው ያለኝ። ይህ ሰው ሕግ ሊማር ተመኝቶ ኬሚስትሪ የደረሰው ነው። ኬሚስትሪን የጠላ አልነበረም፤ ማንም አስቀድሞ ሳይጠይቀው ነው የተጋባት።

የኦፓሉን ሥራ እንደ ገነት የምስል እንዳይመስላችሁ። ደላላው ከቆፋሪው በላይ ይበላል። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያው በደላንታ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸው ተዘገበ። ሰው ይህን የመሰለ አደጋ እያወቀ ከክፍል ወጥቶ ወደ ገደል ሲወርድ፣ «ገንዘብ አሳወረው» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። የሚከብደው፣ ከዚያ ክፍል ገፍቶ ያስወጣው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

መዳቢው ማን ነው? በጥንቱ ሥርዓት ልደት ነበር፤ የገበሬ ልጅ ገበሬ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ቀጥቃጭ፣ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ። ንጉሥም መድቧል። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን የጋፋት ሚስዮናውያን መድፍ ሥሩ አሏቸው፤ ሠሩም። (ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ስትጎተት ያለፈችው በዚሁ በደላንታ አምባ ላይ ነው።) በደርግ ዘመን ተመራቂውን ወደ ሥራ የሚመድበው መንግሥት ነበር። ከዚያም ኦፓሉ በተገኘበት በ2000 ዓ.ም. ሰባ ሠላሳ መጣ፤ ከዩኒቨርሲቲው ቦታ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ተባለ። የእኔ ተማሪዎች የዚህ ስፍር ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ነበረች፤ የፊዚክስ ደብተሯን ከኋላ በኩል ብትገልጡት ግጥም ብቻ ነው። ምህንድስና ደረሳት። አገሪቱ መሐንዲስ አያስፈልጋትም ማለቴ አይደለም። ልጅቱን በስፍር ውስጥ ከትተው ሲያበቁ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራዋን ብትለቅ «ዓላማ የላትም» የሚሉት ግን ምን ይባላሉ?

እ.ኤ.አ. በ1947 አንድ የአንኮበር ልጅ የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ። ምደባው ምክንያት ነበረው፤ አገሪቱ ምድሯን የሚያውቅላት ሰው ትፈልግ ነበር። ልጁ ግን ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አመራ፤ አፈወርቅ ተክሌ ሆነ። የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስታወት ያየ ሰው፣ ያ ልጅ በተላከበት ቢረጋ ኖሮ ምን እንደምናጣ ይገምት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቺካጎ ሕግ ተምሮ ወደ ቲያትር ሄደ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የጀመረውን የግብርና ትምህርት ትቶ ሥዕል ሊማር ጀርመን ወረደ። «እነርሱ ታላላቆች ናቸው፤ አንተ ማነህ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ታላቅነታቸው የታወቀው ግን ከቀየሩ በኋላ ነው። በቀየሩበት ቀን እንደ እኔና እንደ እናንተ ነበሩ፤ ያን ቀን ከጎናቸው የነበረ መካሪ «እርጋ» ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው።

ደግሞ መዞር ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ይህ አገር እኮ የቅኔ አገር ነው። ዋድላ ከደላንታ ጋር ድንበርተኛ ነው፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነት ስሙ የሚጠራ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔውን በአንዱ ቤት፣ ድጓውን ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አባ፣ አቋቋሙን ጎንደር ይማራል። አንዱ መምህር ካላረካው ሌላ ይፈልጋል። ድምፅ ያልተሰጠው ዜማውን ትቶ ወደ ቅኔው ወይም ወደ መጻሕፍቱ ያዘነብላል። ብዙው ደግሞ አባቱ ከብት ጠብቅ፣ እርሻ ያዝ ሲለው በሌሊት ከቤቱ የጠፋ ነው። ይህን ሁሉ የዞረ ሰው ሲመለስ «የማይረጋ» አልተባለም፤ «አራት ዓይና» ተባለ። አያቶቻችን ለልቡ የሚስማማውን ለመፈለግ የሚዞረውን ሰው ያከብሩት ነበር። እኛ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ረሳነው።

ተቃዋሚዎቼ ሁለት ሙግት አላቸው። ባለፍ ገደም አልመልሳቸውም።

አንደኛው «ሥራ አጥ በሞላበት አገር ሥራ መምረጥ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይሉበታል። ተረቱ ያስቃል፤ ነገር ግን የምትፋታዋን ልጅ የጠየቃት አለ? ተረቱም እንደ መዳቢዎቻችን ነው፤ ለሥራው ሲል ሰውየውን ይረሳል። ደግሞስ የረጋው ሰው ምን አተረፈ? ከደላንታ ወዲያ ላስታ ላይ፣ ላሊበላ፣ ዕድሜያቸውን በአስጎብኚነት የረጉ ሰዎች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ እንግዳው ቀረ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን አልለቀቁም፤ ሥራው ነው እነርሱን የለቀቀ። መርጋት ዋስትና ነው ብለው የሚመክሩ ሰዎች ያን ጊዜ ለአስጎብኚዎቹ የሚሉት አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ይከብዳል። «ሁሉም ደስ ያለውን ፍለጋ ቢሄድ፣ የደላንታን ልጅ ማን ያስተምረው?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። መምህሩ ሲወርድ ፊት ለፊቱ የነበሩት ልጆች አብረው አልወረዱም፤ ባዶ ሰሌዳ እያዩ ቀሩ። ዋጋውን የከፈሉት እነርሱ መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን መልሱ መምህሩን በስድብ ማሠር ነው? ማስተማር የሚወድ ሰው አለ፤ አውቃለሁ። ወገል ጤና ውስጥ ጠመኔ እጁ ላይ ዳዊት የሚመስል መምህር ነበረ፤ ኦፓሉም፣ ብሩም፣ ደላላውም አላንቀሳቀሱት። እርሱ ግን መምህርነትን ለምኖ የገባ ነበር። ልጆቹን የሚያስብ ሰው እንዲህ ያሉትን ይፈልግ፤ ፈልጎም በደመወዝ ያኑራቸው። የቀረነውን በመውቀስ የሚሞላ ክፍል የለም።

መቼም በዚህ መሐል የስኬት መጻሕፍት ነጋዴዎችን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። እነርሱ ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። «ሥራህን ውደድ፤ ወይም የምትወደውን ሥራ፤ ሀብት ይከተልሃል» ይላሉ። አይከተልም! እኔ አናጺ ከሆንሁ በኋላ ገቢዬ አንሷል። ያገኘሁት ሌላ ነው። በንብረት ክፍል ስድስት ዓመት የተሰበረ ወንበር ቆጥሬያለሁ፤ በየዓመቱ ቆጥሬ፣ መዝግቤ፣ አስፈርሜ መጋዘን አስገብቻለሁ፤ አንዱም ሲጠገን አላየሁም። ዛሬ የተሰበረ ወንበር ሲመጣልኝ ማታ ሰው ይቀመጥበታል። ይህን ደስታ «ስኬት» ብዬ ብጠራው ለራሴም ያስቀኛል፤ ግን ጠዋት ያስነሣኛል።

ዘመዶቼ ይህ አልገባቸውም። አጎቴ በመጣ ቁጥር «ልጄ፣ መቼ ነው ወደ ሥራህ የምትመለስ?» ይለኛል፤ መላጊያው እጄ ላይ እያለ። ዲግሪ ይዞ እንጨት መፋቅ ውርደት መስሎታል። ዐፄ ምኒልክ ባለእጁን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አዋጁ በየአዳራሹ ይጠቀሳል፤ አጎቴ ዘንድ ግን ገና አልደረሰም።

አጎቴን እንኳ ተውት፤ እሱ ይወደኛል። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ላይ ያለችው «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የምትል ሐረግ ናት። በእርሷ ሚዛን ያ የኬሚስትሪ መምህር በገደሉ ላይ ስለ ዓለት የተማረው ዜሮ ነው፤ የእኔም የክፍልና የመጋዘን ዓመታት አናጺ ቤት በር ላይ ዜሮ ናቸው። ሥራ የቀየረ ሰው ዕድሜው ከእንደገና ይቆጠራል። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ልምድ የሚኖረው በሰው ውስጥ መሆኑን አላሰበም፤ በመደብ መጠሪያ ውስጥ የሚኖር መስሎታል። ይህች ሐረግ ትለወጥ፤ ልጆችም ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አንደኛ ምርጫቸው ለጌጥ አይሞላ። ከዚያ በኋላ የሚዞር ሰው ካለ፣ «አይረጋም» በሉት፤ ያኔ አልከራከርም።

በቅርቡ የግል ማኅደሬን ገልጬ ወረቀቶቹን አነበብሁ። አንዱ «ተመድበዋል» ይላል። ሌላው «ተዛውረዋል» ይላል። ሦስተኛው «ተወስኖልዎታል» ይላል። እኔ ያደረግሁት ነገር የለም፤ ሁሉም የተደረገብኝ ነው። በመጨረሻ ያለችው የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ «በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቅቀዋል» ትላለች። ፈቃድ የሚለው ቃል ከስሜ ጋር የተጻፈባት ብቸኛዋ ወረቀት እርሷ ናት፤ ቀጣሪውም ማኅደሬን ሲያነብ እዚያች ላይ ሲደርስ ነው ፊቱ የሚለዋወጠው።